የቢሊያርድ ዕቃዎችና ስሞቻቸው፦ ዕቃን ስለ ማወቅና ስለ መሰየም

1. መግቢያ

አንድ ተርጓሚ ስለ ቢሊያርድ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ገጽ ቀርቦለት፣ መዝገበ ቃላቱን ብቻ አምኖ ወደ አማርኛ ቢመልሰው የሚከተለውን የመሰለ ነገር ይጽፋል፤ «ኳሱ በአልጋው ላይ ተንከባሎ ትራሱን መታ፤ ተመልሶም መድፍ አደረገ፤ ከዚያ በኋላ ተጫዋቹ ሸረሪቱን አንሥቶ እንግሊዝኛ ጨመረበት።» ከእነዚህ ቃላት ውስጥ መዝገበ ቃላት የማይደግፈው አንድም የለም። ቤድ አልጋ ነው፤ ኩሽን ትራስ ነው፤ ካነን መድፍ ነው፤ ስፓይደር ሸረሪት ነው፤ ኢንግሊሽም እንግሊዝኛ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ግን ለአንባቢው ምንም አይነግረውም። በቢሊያርድ ተጫዋቾች ዘንድ አልጋ የተባለው ኳሱ የሚሄድበት የድንጋይ ንጣፍ ነው። ትራስ የተባለው ኳሱን የሚመልሰው የጎማ ጠርዝ ነው። መድፍ የተባለው አንድ ኳስ ሁለት ሌሎች ኳሶችን አከታትሎ የሚነካበት ምት ነው። ሸረሪት የተባለው ራቅ ያለ ኳስ በሚመታበት ጊዜ ዱላውን ከፍ አድርጎ የሚደግፍ ባለ እግር ማሳረፊያ ነው። እንግሊዝኛ የተባለውም አሜሪካውያን ጎኑን ተመትቶ ለሚሽከረከር ኳስ ሽክርክሪት ያወጡት ስም ነው።

ይህ ስሕተት ከቋንቋ ችሎታ ማነስ የመጣ አይደለም። ተርጓሚው ሁለቱንም ቋንቋዎች አጥርቶ ሊያውቅ ይችላል፤ ያላወቀው ዕቃውን ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብም ይኸው ነው። ስም ከመስጠት በፊት ዕቃውን ማወቅ ይቀድማል። ዕቃው ከምን እንደ ተሠራ፣ ምን ተግባር እንዳለውና በምን ታሪክ እንዳለፈ ሳይመረምር ቃል የሚያወጣ ሰው፣ ያወጣው ቃል አማርኛ ቢመስልም ተናጋሪው አይቀበለውም። ቢሊያርድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ዕቃዎቹ ጥቂት ስለሆኑ፣ የእያንዳንዳቸውም ታሪክ በሚገባ ስለሚታወቅና በአማርኛም አንዳንዶቹ ስም አግኝተው አንዳንዶቹ ገና ስላላገኙ ነው።

ጽሑፉ በቅድሚያ አገራችን የሙያ ቃልን እንዴት ስታወጣ እንደ ኖረች ከጋይንቷ ቤተ ልሔም ምሳሌ ይወስዳል። ቀጥሎ የዱላና የኳስ ቃላት በገና ጨዋታ ምን መልክ እንዳላቸው ያያል። ከዚያም የቢሊያርድን ዕቃዎች አንድ በአንድ ይመረምራል፤ በመጨረሻም ለመዝገበ ቃላት ሥራ የሚተርፈውን ያመለክታል።

2. የሙያ ቃል አወጣጥ በቤተ ልሔም

ስለ ቢሊያርድ በሚናገር ጽሑፍ ውስጥ የቤተ ልሔም ስም መነሣቱ አንባቢን ሳያስገርም አይቀርም። የሚነሣው ስለ ጨዋታው ሳይሆን ስለ ስያሜው ነው። በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም ከጥንት ጀምሮ የድጓ ማስመስከሪያ ናት። የድጓ መምህር ለመሆን የሚሻ ሁሉ የተማረውን በዚያ አስመስክሮ መመለስ የሊቃውንት ሥርዓት ሆኖ ቆይቷል። ከቆማና ከአጫብር ተለይቶ የሚታወቀው የዜማ ስልትም ስሙን ያገኘው ከዚህችው ቦታ ነው። እንግሊዛዊው ቶማስ ፓክናም እ.ኤ.አ. በ1955 ወደ ስፍራው በሄደ ጊዜ፣ በክቡ የሣር ጣሪያ ሥር ተሸፍኖ የቆየ፣ በተጠረበ ድንጋይ የታነጸ ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ አይቶ ለውጭው ዓለም አስታውቋል።

የቋንቋ ተመራማሪውን የሚስበው የዜማው ምልክቶች ስም ነው። ትውፊቱ የምልክቶቹን ሥርዓት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (እ.ኤ.አ. 1540–1559) ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ይሰጣል። የምልክቶቹ ስሞች ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ሂደትና ቁርጥ ሲሆኑ፣ ድርስና አንብር የተባሉት በኋላ እንደ ተጨመሩ ይነገራል። ድጓው ራሱ በግእዝ የተደረሰ ነው። የምልክቶቹ ስሞች ግን አብዛኞቹ ከዕለት ተዕለት አማርኛ የወጡ ናቸው። ይዘት ከያዘ፣ ሂደት ከሄደ፣ ቁርጥ ከቆረጠ፣ ጭረት ከጫረ ይወጣል። ድምፅ ሲያዝ፣ ሲሄድ፣ ሲቆረጥ፣ ወይም ጽሕፈቱ በብራናው ላይ ተጭሮ ሲታይ ለዚያ ለሚሰማው ወይም ለሚታየው ነገር በቅርብ ያለው ግሥ ስም ሆኖለታል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ሊቃውንቱ ግእዝን ጠንቅቀው እያወቁ ለሙያቸው ቃል ሲያወጡ የከበደ ቃል ፍለጋ አልሄዱም። ግብሩን ተመልክተው ግብሩን በሚገልጸው ተራ ግሥ ሰይመዋል። ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለው ቃል ረዥም ዕድሜ አለው። ዛሬ ሂደትና ይዘት የሚሉት ቅርጾች በሳይንስና በትምህርት ጽሑፎች በሌላ የሙያ ፍች ሲያገለግሉ እናያለን፤ ከግልጽ ግሥ የተወለደ ስም ወደ አዲስ ሙያ ለመሻገር አይቸገርም።

የማኅሌት ዕቃዎች ስምም ይህንኑ መንገድ ይከተላል። ካህኑ በረዥሙ አገልግሎት የሚደገፍበትና በዝማሜ ጊዜ የሚያወዛውዘው ዘንግ መቋሚያ ይባላል። ከቆመ የወጣ፣ በ«መ» ተጀምሮ በ«ያ» የሚጨርስ የመሣሪያ ስም ነው። ጸናጽልም ድምፁን የሚያስተጋባ ስም አለው። ዕቃውን አይቶ የማያውቅ እንኳ መቋሚያ ለመቆም የሚረዳ ነገር መሆኑን ከስሙ ይገምታል። ይህ የመሣሪያ ስም አወጣጥ እንደ መጥረቢያ፣ መቁረጫና ማረሻ ባሉት ቃላት እስከ ዛሬ ሕያው ነው።

3. ዱላ፣ ሩርና ጥንግ

አማርኛ በዱላ ስም ድኻ አይደለም። መቋሚያ ከማኅሌት ጋር፣ ምርኩዝ ከሽማግሌና ከመንገደኛ ጋር፣ ከዘራ ከሹምና ከጌታ ጋር፣ ሽመል ከጎረምሳ ጋር፣ ልምጭ ከእረኛ ጋር፣ በትር ከሥልጣንና ከመጽሐፍ ቋንቋ ጋር ይሄዳል። ዱላ የሚለው ሁሉንም ሊወክል ቢችልም በተለይ መምታትን ያሳስባል። ስለዚህ ኳስ ለሚመታበት እንጨት ስም የሚፈልግ ሰው ከእነዚህ ሁሉ መካከል መምረጥ የሚገባው በርዝመቱ ወይም በቅርጹ ብቻ ሳይሆን ቃሉ በሚቀሰቅሰው ትዝታም ነው። ምርኩዝ የተባለ ዕቃ ማንንም ኳስ አያስመታም።

ኳስ በዱላ የሚመታበት የራሳችን ጨዋታ ገና ነው። በልደት በዓል ሰሞን፣ በመስክ ላይ፣ ሁለት ወገን ሆነው ይጫወቱታል። መጫወቻው ዱላ ጫፉ ቆልመም ያለ ሲሆን እርሱም ራሱ ገና ይባላል። የበዓሉ፣ የጨዋታውና የዱላው ስም አንድ ነው ማለት ነው። የሚመታው ነገር ከእንጨት ተድቦልቡሎ ሲሠራ ሩር ወይም እሩር፣ ከጠፍር ተጠቅልሎ ሲሠራ ጥንግ ይባላል። ይህ ልዩነት በሁሉም ቦታ እኩል ባይጠበቅም ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ትልቅ ቁም ነገር ነው። የአገሬው ተጫዋች ኳስን በተሠራበት ነገር ለይቶ ሰይሟል፤ ወደ ኋላ እንደምናየው በቢሊያርድም ታሪክ የኳሱ ጥሬ ዕቃ ዋና ጉዳይ ሆኖ ነበር።

ከስሞቹ ይልቅ ግን የሚያስደንቀው ግሡ ነው። ሩሩን በዱላ መትቶ መስደድ ለጋ ይባላል። ለጋ ከመታ ይለያል። ሰው ሰውን ይመታል፤ ሩር ግን ይለጋል። የምቱ ዓላማ የተመታውን ነገር ማሳመም ወይም መስበር ሳይሆን እንዲሄድ ማድረግ መሆኑን ግሡ በውስጡ ይዟል። በገና ጨዋታ ሎሌ ጌታውን ቢገፋ ወይም ዱላው ቢያገኘው ጌታው እንደማይቆጣ የቆየው ልማድ ይነግረናል። ዱላው ለዚያ ቀን የጠብ መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ የጨዋታ ዕቃ ይሆናል። ለጋ የሚለውም ግሥ ይህንኑ ልዩነት በቋንቋው ውስጥ ያኖራል።

4. ከመስክ ወደ ጠረጴዛ

ገናንና ቢሊያርድን ማቀራረብ በዘፈቀደ የተደረገ አይደለም። ቢሊያርድም በመስክ ላይ በዱላና በኳስ ከሚደረጉ የአውሮፓ ጨዋታዎች የወጣ ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት ወደ ቤት ገባ፤ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 11ኛ ከቀደሙት የጠረጴዛ ባለቤቶች አንዱ እንደ ነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች ይጠቅሳሉ። ሣሩ ወደ ቤት መግባት ስላልቻለ አረንጓዴ ጨርቅ ተተካለት። በመጀመሪያዎቹ ጠረጴዛዎች ላይ ኳሱ የሚያልፍበት ትንሽ ቅስትና የሚነካ ችካል ይቆም ነበር፤ ይህም የመስኩ ጨዋታ ቅሪት ነው። እንግዲህ የጠረጴዛው አረንጓዴነት ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ታሪክ ነው።

4.1 መደቡ። የቀድሞው ጠረጴዛ ፊት ከእንጨት ይሠራ ስለ ነበር እርጥበትና ድርቀት ያጣምሙት ነበር። የለንደኑ ጆን ተርስተን ገደማውን እ.ኤ.አ. በ1826 በእንጨት ፈንታ በስሱ የሚሰነጠቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ አነጠፈ። ይህ ድንጋይ አይጣመምም፤ ክብደቱም ጠረጴዛው እንዳይነቃነቅ ያደርጋል። እንግሊዝኛው ይህን ንጣፍ አልጋ ይለዋል። አማርኛ ግን መደብ የሚል ቃል አለው። በቤት ውስጥ በድንጋይና በጭቃ ተደልድሎ የሚሠራ፣ የማይነቃነቅ፣ ጠፍጣፋ መቀመጫ ነው። ጠፍጣፋነት፣ ጽኑነትና ድንጋይነት ሦስቱም በአንድ ቃል ይገኛሉ። አልጋ የሚለው መልክን ብቻ ሲተረጉም መደብ የሚለው ዕቃውን ይሰይማል።

4.2 ጠርዙና ኪሱ። ኳሱን ወደ መሐል የሚመልሰው ጠርዝ በመጀመሪያ የሱፍ ብጣሽ ወይም የፈረስ ጠጉር በጨርቅ ተጠቅልሎ የተሞላበት ነበር። ትራስ መባሉ ከዚህ የተነሣ ነው፤ በእርግጥም ያን ጊዜ ትራስ ነበር። ተርስተን እ.ኤ.አ. በ1835 ገደማ ጎማ አገባበት። የመጀመሪያው ጎማ ግን ብርድ ሲነካው ይደድር ነበር። በድኝና በሙቀት የጸና ጎማ ከተገኘ በኋላ ጠርዙ በክረምትም በበጋም እኩል የሚመልስ ሆነ። ትራስ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ የቀረው ከነገሩ መለወጥ በኋላ ነው። እኛ ነገሩን የተቀበልነው ከተለወጠ በኋላ ስለሆነ የቀድሞውን ስም የምንሸከምበት ምክንያት የለም። ተግባሩን ተከትሎ መላሽ ጠርዝ ቢባል ይበቃል። በተቃራኒው ኪስ የሚለው ቃል ሊጣል አይገባም። ኪስ በዐረብኛ ከረጢት ማለት ነው፤ የጥንቱ ጠረጴዛ ቀዳዳዎችም ኳሱ የሚወድቅባቸው የመረብ ከረጢቶች ነበሩባቸው። ስለዚህ በዚህ ቦታ የቃል በቃሉ ትርጉም ከዕቃው ጋር ይስማማል። በገበጣ ያለው ጉድጓድ ቅርብ ቢመስልም በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ የተንጠለጠለን ነገር አይገልጽም።

4.3 ኳሱ። ኳሱ በመጀመሪያ ከእንጨት፣ በኋላም ከዝሆን ጥርስ ይሠራ ነበር። የዝሆን ጥርስ ጥንካሬና መንጠር አለው፤ ነገር ግን ውድ ነው። ኳሱ ሚዛኑን እንዲጠብቅ ከጥርሱ መካከለኛ መሥመር መቈረጥ ስላለበት ከአንድ ጥርስ የሚወጡት ጥሩ ኳሶች ከሦስት እስከ አምስት ቢሆኑ ነው። አየሩ ሲለወጥም ይሰነጠቃል ወይም ይሞላልላል። ኢትዮጵያም በ19ኛው መቶ ዓመት የዝሆን ጥርስ ወደ ውጭ ከሚልኩ አገሮች አንዷ ስለ ነበረች ጥሬ ዕቃው ለነጋዴዎቻችን እንግዳ አልነበረም። የዝሆኑ መመናመንና የዋጋው መናር አምራቾችን አስጨነቀ። በአሜሪካ አንድ የቢሊያርድ ዕቃ አምራች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ምትክ ላገኘ ሰው 10,000 ዶላር ሽልማት አወጀ። ጆን ዌስሊ ሃያት የተባለው የእጅ ባለሙያ በዚህ ተነሣሥቶ በ1860ዎቹ መጨረሻና በ1870 ከሴሉሎይድ ኳስ ሠራ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሊዮ ቤክላንድ ያወጣው ቤክላይት የተባለ ሰው ሠራሽ ሙጫ መንገዱን ከከፈተ በኋላ የዛሬዎቹ ኳሶች ከዚያው ዘር ከሆነ ጽኑ ፕላስቲክ ይሠራሉ። ሰው ዛሬ በየቤቱ የሚጠቀምበት የፕላስቲክ ኢንዱስትሪ ከተነሣባቸው ምክንያቶች አንዱ የጨዋታ ኳስ መሆኑ ለታሪክ ጸሐፊ የሚያስገርም ነው።

መጠኑም እንደ ጨዋታው ይለያያል። የፑል ኳስ ወርድ 57.15 ሚሊ ሜትር፣ የስኑከር 52.5 ሚሊ ሜትር፣ ኪስ በሌለው ጠረጴዛ የሚደረገው የካራምቦል ኳስ 61.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ጠረጴዛዎቹ በስፋት ቢለያዩም የመጫወቻው ርዝመት የወርዱ እጥፍ እንዲሆን ሥርዓቱ ያዛል። ለካራምቦል 2.84 ሜትር በ1.42 ሜትር ነው። ተርጓሚ አንዱን ጨዋታ በሌላው ስም ቢጠራ ቃል ብቻ ሳይሆን መጠንም ያሳስታል።

4.4 ዱላው። ቀድሞ ኳሱ የሚገፋው ራሱ ሰፊና ከባድ በሆነ፣ እጀታው ቀጭን በሆነ መሣሪያ ነበር። ኳሱ ወደ ጠርዙ ተጠግቶ ሰፊው ራስ አላስገባ ሲል፣ ተጫዋቹ ዕቃውን ገልብጦ በቀጭኑ በኩል ይመታል። ፈረንሳዮች ይህን ቀጭን ጫፍ ጭራ ብለው ሰየሙት። እየዋለ እያደረ ሰፊው ራስ ቀርቶ ጭራው ብቻውን ዕቃ ሆነ፤ የእንግሊዝኛው ኪው ከዚሁ የመጣ ነው። በአማርኛም ተመሳሳይ ነገር ተደርጓል። ጭራ የከብት ጅራት ጠጉር ሆኖ ሳለ፣ በእጀታ ታስሮ ዝንብ መከላከያ ሲሆን ዕቃው ራሱ ጭራ ተባለ። ሁለቱም ቋንቋዎች የአካልን ስም ለእጅ ዕቃ ሰጥተዋል፤ ዕቃዎቹ ግን የማይገናኙ ናቸው። ስለዚህ ኪውን በሥርወ ቃሉ ጭራ ብሎ የሚተረጉም ሰው የቢሊያርዱን ጠረጴዛ በዝንብ መከላከያ ያስመታዋል። ሥርወ ቃልን ማወቅ ለመረዳት ይጠቅማል፤ ለመሰየም ግን ሁልጊዜ አይበቃም።

የዱላው ክፍሎች ስም ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የጦር እንጨት ሶማያ፣ የጠመንጃ መጨረሻ ሰደፍ ይባላል። የቢሊያርድ ዱላም ቀጭን የፊት እንጨትና ወፍራም የእጅ መያዣ ስላለው ሁለቱ ቃላት እንደ ተሠሩለት ሆነው ይገጥማሉ። በሶማያው አፍ ላይ የሚለጠፈው ክብ ቆዳ ከፈረንሳዊው ፍራንሷ ሚንጎ ስም ጋር ተያይዞ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ይታወቃል። ከቆዳው በፊት ኳስን ጎኑን መትቶ ማሽከርከር አስቸጋሪ ነበር። ከዚያ በኋላ የጨዋታው ጥበብ ሌላ ሆነ። የጫፍ ቆዳ የሚለው ስም ሥፍራውንም ጥሬ ዕቃውንም ይናገራል።

4.5 ጠመኔው። ቆዳው እንዳያንሸራትት ይቀቡታል። በመጀመሪያ እውነተኛ ጠመኔ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1897 ግን ዊሊያም ስፒንክስና ዊሊያም ሆስኪንስ በአሜሪካ ፓተንት ያገኙበት ኪዩብ ከሲሊካና ከሻካራ ማዕድን ዱቄት የተቀመመ ነው። ዛሬ ጠመኔ የሚባለው በአብዛኛው ጠመኔ አይደለም። በዚህ ቦታ ስሙ ሊለወጥ አይገባም፤ ተጫዋቹ ሁሉ የሚያውቀው ተግባሩን ነውና። መዝገበ ቃላቱ ግን ፍቺውን ሲጽፍ «ከጠመኔ የተሠራ» እንዳይል ሊጠነቀቅ ይገባል። እንዲሁም ጠመኔንና ጄሶን ለይቶ ማሳየት ይገባዋል። ጄሶ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን በጣልያንኛ ሁለቱንም ያጠቃልላል፤ በአማርኛ ግን ለግንብ ልስንና ለተሰበረ አጥንት ማሰሪያ ተወስኗል።

5. ቃላቱ ወደ አማርኛ የገቡበት መንገድ

ከባዕድ ጨዋታ ጋር ባዕድ ቃል መግባቱ አዲስ ነገር አይደለም። ሰንጠረዥ ከምሥራቅ በመጣ ጊዜ ስሙን ይዞ መጣ፤ ከጠጠሮቹ መካከል ንጉሥና ፈረስ በአገሬው ቃል ተጠሩ፤ ፈርዝና ፊል ግን የመጡበትን ስም እንደ ያዙ ቀሩ። አባቶቻችን ሁሉን እንተርጉም ወይም ሁሉን እንዋስ አላሉም። በአገራቸው አቻ ላለው ነገር የራሳቸውን ቃል ሰጡ፤ አቻ ላጡለት የመጣበትን ቃል ተቀበሉ። ይህ ሚዛን እስከ ዛሬ የሚሠራ ይመስለናል።

ከጣልያን ጋር በነበረው ግንኙነት፣ በተለይም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የወረራ ዘመን፣ ስለ መኪና፣ ስለ ግንባታ፣ ስለ ምግብና ስለ ጨዋታ ብዙ የጣልያንኛ ቃላት ወደ አማርኛ ገብተዋል። ካርታ ከእነዚህ አንዱ ነው። ከቢሊያርድ ቃላት መካከል ሁለቱ በተለይ ይጠቀሳሉ።

የመጀመሪያው ከረንቡላ ነው። ምንጩ ካራምቦላ የሚለው ቃል ሲሆን፣ በአውሮፓ ቋንቋዎች አንድ ኳስ ሁለት ኳሶችን አከታትሎ የሚነካበትን ምት ያመለክታል። በመግቢያችን ላይ መድፍ ተብሎ ያየነው የእንግሊዝኛው ካነንም የዚሁ ቃል ብልሽት እንጂ ከጦር መሣሪያ ጋር ዝምድና የለውም። በአማርኛ ቃሉ የምት ስም መሆኑ ቀርቶ የጨዋታው ስም ሆኗል፤ ክፍሉ ለጠቅላላው ተሰጥቷል ማለት ነው። በአጻጻፍም ከረንቡላና ከረምቡላ ሁለቱም ይታያሉ። «ን» በ«ቡ» ፊት ሲመጣ በአነጋገር ወደ «ም» ስለሚያዘነብል ልዩነቱ ከስሕተት ሳይሆን ከድምፅ ጠባይ የመጣ ነው።

ሁለተኛው ስቴካ ነው። በጣልያንኛ ቀጭን ረዥም እንጨት፣ በጨዋታም የቢሊያርድ ዱላ ማለት ነው። ያው ቃል በዚያው አገር የሲጋራ ፓኮዎች በረድፍ የሚታሰሩበትን ጥቅልም ይሰይማል፤ አማርኛም ስቴካ ሲጋራ ብሎ ይህን ፍች ተቀብሏል። በከተማ የፑል ተጫዋቾች ዘንድ ዱላውን ስቴካ የሚሉም፣ ዱላ የሚሉም አሉ። በቃሉ መጀመሪያ ሁለት ተነባቢዎች ስለ ተከታተሉ እንደ እስክሪብቶና እንደ እስፖርት ሁሉ እስቴካ የሚለውም አነጋገር ይሰማል። መዝገበ ቃላት ሁለቱን ፍቾች በአንድ መደብ ሥር አድርጎ የጋራ ምንጫቸውን ቢያመለክት አንባቢ ግራ ከመጋባት ይድናል።

ፑል ከእንግሊዝኛ በኋላ የመጣ ነው። የቃሉ መነሻ ተጫዋቾች በጋራ የሚያዋጡት የውርርድ ገንዘብ ሲሆን፣ ከፈረንሳይኛው ዶሮ ከሚለው ቃል ጋር ያያይዙታል። ከመዋኛ ገንዳው ፑል ጋር የድምፅ መመሳሰል እንጂ የፍች ዝምድና የለውም። በአማርኛ ሁለቱም በአንድ ዐይነት ጽሕፈት ስለሚታዩ በተለያየ የቃል ቁጥር መግባት አለባቸው።

6. ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት በሦስት ሊጠቃለል ይችላል።

አንደኛ፣ ተጫዋቹ ቃል ካለው ቃሉ ይመዝገብ። ፑል፣ ከረንቡላ፣ ስቴካ፣ ዱላ፣ ጠመኔና ኪስ በአፍ ያሉ ናቸው። በእነርሱ ፈንታ ሌላ ቃል ማውጣት ሰሚ የሌለው ጥሪ ይሆናል። ከለጋ ተነሥቶ የቢሊያርዱን ዱላ መለጊያ ማለት እንደ መቋሚያ ያለ ያማረ የመሣሪያ ስም ያስገኝ ነበር። ነገር ግን ቦታው ቀድሞ ተይዟል። ያማረ ቃል ሁሉ አስፈላጊ ቃል አይደለም።

ሁለተኛ፣ ቃል በሌለበት ቦታ ዕቃው ራሱ ይጠየቅ። ከምን ተሠራ? ምን ያደርጋል? በአገራችን ይህን የሚመስል ምን አለ? መደብ፣ መላሽ ጠርዝ፣ ሶማያ፣ ሰደፍና የጫፍ ቆዳ የሚሉት ለዚህ ጥያቄ የተሰጡ መልሶች ናቸው። አዲስ ፈጠራዎች አይደሉም፤ በቤት፣ በጦርና በጠመንጃ ሲያገለግሉ የኖሩ ወይም ከተራ ቃላት የተጣመሩ ናቸው። የቤተ ልሔም ሊቃውንት ድምፅ ሲሄድ ሂደት፣ ሲያዝ ይዘት ያሉበት መንገድ ይኸው ነው። በ1964 ዓ.ም. ከተቋቋመው የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ ጀምሮ በተደረገው የሙያ ቃላት ሥራ ብዙ ጊዜ ግእዝ ወይስ አማርኛ፣ ውሰት ወይስ ፈጠራ የሚል ክርክር ተነሥቷል። የምልክቶቹ ስም እንደሚያሳየው ግን ዋናው ጥያቄ ቃሉ ከየት መጣ የሚለው ብቻ አይደለም፤ ቃሉን የሰጠው ሰው ነገሩን ያውቀዋል ወይ የሚለውም ነው።

ሦስተኛውና አጣዳፊው ነገር የገና ቃላት ጉዳይ ነው። የቢሊያርድ ቃላት በየከተማው ሲበዙ ሩር፣ ጥንግና ለጋ የሚሉት ከወጣቶች አፍ እየራቁ ናቸው። የስፖርት ጽሑፎቻችን ኳስ በዱላ ስለሚመታባቸው ጨዋታዎች ሲተርኩ መታ የሚለውን አንድ ግሥ ብቻ ይደጋግማሉ። ለጋ ግን በመምታትና በመስደድ መካከል ያለውን ልዩነት በአንድ ቃል ይለያል። ለቢሊያርድም፣ ለጎልፍም፣ ለሆኪም ሊያገለግል ይችላል። ይህን ግሥ ለማዳን አዲስ መጽሐፍ መጻፍ አያስፈልግም። ተርጓሚው በሚቀጥለው ጽሑፉ ውስጥ «ኳሱን ለጋው» ብሎ ቢጽፍ ይበቃል። መዝገበ ቃላት አዘጋጁ ደግሞ በጋይንት፣ በላስታ፣ በጎጃምና በሸዋ ደጋ ገና የሚጫወቱ አዛውንት ሳሉ፣ ዱላው ከምን እንጨት እንደሚቈረጥ፣ ቆልማማው ጫፍ ምን እንደሚባል፣ ሩሩ እንዴት እንደሚድበለበል፣ ምቶቹም እያንዳንዳቸው ምን ስም እንዳላቸው ጠይቆ ቢመዘግብ ለነገ የሚሆን የቃል ጎተራ ያስቀምጣል። ዕቃው ሲጠፋ ስሙ ብቻውን አይቆምም፤ ስሙ ሲጠፋም የሚቀጥለው እንግዳ ዕቃ በባዶ እጃችን ያገኘናል።